ኤዶ ዓሻን የማሸነፍ ነገር

ፀጋ ካርታ ስትይዝ ላያት ሰው ታሳዝናለች። ጣቶቿ ይተሳሰራሉ፤ አንዱ ካርታ ይሾልክና ጭኗ ላይ ይወድቃል፤ ያንን ስታነሳ ሌላው ለጎረቤቷ ይታያል። «ውይ፣ አያችሁብኝ?» ትላለች። ሴቶቹ ይስቃሉ፤ እሷም አብራ ትስቃለች። መዋሸት የግድ ሲሆንባት ደግሞ ትንተባተባለች፣ አንገቷን ትሰብራለች፣ ያስቀመጠችውን ካርታ መልሳ መላልሳ ታያለች። ምናለፋችሁ፣ ዶሮ ሰርቆ ላባውን ኪሱ ውስጥ የከተተ ሌባ ከእሷ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ታዲያ ልፋት ነበር። ካርታን በጊዜው መጣል፣ በቦታው መንተባተብ፣ ማሸነፍ የሚቻለውን ጨዋታ ማንም ሳያውቅ አሳልፎ መስጠት ቀላል የሚመስለው ካለ እስኪ ይሞክረው። ፀጋ ካርታ የተማረችው ከወታደር አባቷ ጋር ካምፕ ለካምፕ ስትዞር ነው። ገና ቀሚሷ ከጉልበቷ ሳይወርድ ባለማዕረጎቹን አፍ አፋቸውን ታስይዝ ነበር። ኮሌጅ ስትገባ የመኝታ ክፍሏ ልጆች መጀመሪያ አደነቋት፣ ቀጥሎ ተናደዱባት፣ በመጨረሻ ትተዋት ሌላ ክፍል እየሄዱ መጫወት ጀመሩ። የመጨረሻውን ዓመት ካርታዋን አልጋዋ ላይ ዘርግታ ራሷን በራሷ ስታሸንፍ ከረመች። ከዚያ የበለጠ የሚያስጠላ ማሸነፍ አታውቅም።

እናም በዘጠና ሦስት ዓመተ ምሕረት አጋማሽ ላይ፣ የጂኦግራፊ መምህርት ሆና ከደገሃቡር ወደ ጅጅጋ ስትዛወር፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ማንም ካርታ መቻሏን እንዳያውቅ ለራሷ ማለች።

ተከራይታ የገባችው ኤዶ ዓሻ ግቢ ነው። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ጅጅጋ ግን በዕድሜ ጠና ላለች ሴት ሁሉ ትለግሰዋለች። ኤዶ ዓሻ ባላቸው ከሞቱባቸው በኋላ ግቢውን ብቻቸውን የያዙ፣ ሰፊ ሽቲያቸውን ለብሰው ሲያልፉ ዶሮ ሳይቀር መንገድ የምትለቅላቸው ሴት ነበሩ። አማርኛቸው የገበያ ነው፤ ይሰብሩታል እንጂ አይፈሩትም። ከኋላ ካሉት ክፍሎች አንደኛውን አገሬ የምትባል ከጎጃም የመጣች የፖሊስ ሚስት ይዛዋለች። ባሏ አብዛኛውን ጊዜ ለሥራ ወጣ ብሎ ነው የሚኖረው። ከአጥር ወዲያ ደግሞ ሂንዳ አለች፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሻጭ፣ ወሬና ሳቅ የማያልቅባት።

ከዐስር ሶላት በኋላ በረንዳው ላይ ሰሌን ይነጠፋል። አራቱም ጥግ ላይ ድንጋይ ይቀመጣል፤ ለካርታውም ለብቻው ጠፍጣፋ ድንጋይ አለው። የጅጅጋን ነፋስ ያላየ ሰው ይህ ምን ያደርጋል ሊል ይችላል። ያየው አይጠይቅም።

የሚጫወቱት ቤን ነው። ቤን በሶማሊኛ ውሸት ማለት ነው፤ ጨዋታውም እንደ ስሙ ነው። ካርታው ለአራት ይታደላል። ጀማሪዋ ካርታዋን ደፍታ መሐል ላይ ታስቀምጥና «ሁለት ሰባት» ትላለች እንበል። ተከታዮቿም ኖራቸውም አልኖራቸውም ሰባት ነው የሚሉት። ያስቀመጡት ምን እንደሆነ ማንም አያይም። የተጠራጠረች «ቤን!» ብላ ትገልጠዋለች። ውሸት ከሆነ ዋሾዋ፣ እውነት ከሆነ ከሳሿ የተከመረውን ካርታ ሁሉ ታነሳለች፤ ከዚያ በአዲስ ቁጥር ይቀጥላል። እጇን ቀድማ ባዶ ያደረገች አሸነፈች። ገንዘብ የሚባል የለበትም። ቁማር ሐራም ነው ብለው ኤዶ ዓሻ ሳንቲም በሰሌኑ አጠገብ አያሳልፉም።

ፀጋ በገባችበት ሳምንት አገሬ ወደ ጓዳዋ ጎተት አድርጋ ወሰደቻትና መከረቻት። ከእሷ በፊት ያንን ክፍል የያዘው ተሜ የሚባል ሾፌር ነበር። ካርታ አዋቂ ነኝ ብሎ ኤዶ ዓሻን በላይ በላዩ አሸነፋቸው፤ ብዙም ሳይቆይ ክፍሉን ልቀቅ ተባለ። ዕቃውን ሲጭን «ሴትዮዋ ሽንፈት አይችሉም» ብሎ ለአገሬ ባል የነገረው ራሱ ነው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ግቢ ውስጥ ኤዶ ዓሻን ያሸነፈ የለም። አገሬ ቤቷን ትወዳለች። ሂንዳም ብትሆን፣ ተከራይ ባትሆንም፣ «እኔ ለትልቅ ሰው ክብር ብዬ ነው የምሸነፈው» ትላለች።

ይህ ምክር ለፀጋ ሰርግና ምላሽ ሆነላት። እንዲያውም ሁለቱ ዝም ብለው ሲሸነፉ እሷ ሽንፈቱን አሳመረችው። ሁልጊዜ መጨረሻ መውጣት ያስጠረጥራል፤ ስለዚህ አልፎ አልፎ ከኤዶ ዓሻ ቀጥላ በዕድል የወጣች መስላ እልል ትላለች። ትናንሽ ውሸት ላይ ሆን ብላ ትያዛለች፤ ያኔ ሌላውን ማንም አይጠረጥራትም። የሦስቱንም ውሸት ደግሞ እንደ መዳፏ ታውቀዋለች። አገሬ ስትዋሽ ትንፋሿን ትይዛለች። ሂንዳ ስትዋሽ ወሬ ትጀምራለች። ኤዶ ዓሻ ሲዋሹ ቸርነታቸው ይነሳል፤ «አራት ንጉሥ» ይሉና ወዲያው «ሻሂ ጨምሩ እንጂ፣ ምነው ብርጭቆሽ ባዶ ሆነ?» ይላሉ። ፀጋ የማትፈልገውን ሻሂ ስትጠጣ፣ «ቤን» ማለት ሲገባት ዝም ስትል፣ ኤዶ ዓሻም እጃቸውን ባዶ አድርገው ሲያጨበጭቡ ስንት ከሰዓት አለፈ።

ለምን ይህን ሁሉ ጣጣ? ቢሉ፣ ፀጋ ጅጅጋ ውስጥ ሰው አልነበራትም። የትምህርት ቤቱ መምህራን ከሥራ ሲወጡ ወደየበርጫቸው ይበተናሉ። ዘመድ የለ፣ አብሮ አደግ የለ። ያቺ ሰሌን ቤቷ ነበረች። ጠዋት ክፍል ውስጥ ቆማ ስለ ዓባይ ተፋሰስ ስታስተምር ልቧ በረንዳው ላይ ነው። ኤዶ ዓሻ «ፀጌ፣ ዛሬም ልትሸነፊ ነው?» ሲሏት ውስጧ በደስታ ይሞላል። ያቺን ቦታ ዳግመኛ በማሸነፍ አላጣም ብላለች፤ አለቀ።

ነገር ግን ውሸት ሲያምርበት እግር ያወጣል። የፀጋ መዋሸት አለመቻል ከሰሌኑ ተነስቶ ሰፈሩን አዳረሰው። ውሃ በአህያ ሲመጣ ማን ቀድሞ ተሰለፈ በሚል ጠብ ከተነሳ «ፀጋ ትፍረድ» ይባላል። ሂንዳ ከደንበኛ ጋር ስትጨቃጨቅ «ይኸው ይቺ መዋሸት የማታውቅ ልጅ ትናገር፣ ይሄ ጨርቅ ቀለሙ ይለቃል?» ብላ ከመንገድ ትጠራታለች። የሰፈሩ ሴቶች አዲስ ልብስ ሲለብሱ እውነቱን ከእሷ ይጠይቃሉ፤ እሷም ማማር አለማማሩን ትናገራለች፤ ያምኗታልም። ኤዶ ዓሻ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ይቺ ተከራዬ ውሸት አልፈጠረባትም» ብለው ያስተዋውቋታል። ፀጋ አንገቷን ትደፋለች። እንግዳው ትሕትና ይመስለዋል፤ እሷ ግን ወደ መሬት መግባት ነበር የሚያምራት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ኅዳር ገባ፣ ረመዳንም ያዘ። የገና ጾምም በዚያው ሰሞን ስለገባ ግቢው ከዳር እስከ ዳር ጾመኛ ሆነ። ፀጋና አገሬ የሚጾሙት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ግን እነኤዶ ዓሻ አፋቸው ደርቆ እያዩ እንዴት ይበላሉ? ፀሐይ እስክትጠልቅ አብረው ይቆዩላቸዋል። ኤዶ ዓሻ በዚህ ነገር ሆዳቸው ራርቶ ለማፍጠሪያ የሥጋ ሳምቡሳ ሲጠብሱ፣ ለሁለቱ ለብቻ ምስር ይጠቀልሉላቸው ጀመር።

ካርታው ግን ቆመ። ጾመኛ እንዴት ይዋሻል? ኤዶ ዓሻ ገና በመጀመሪያው ቀን ካርታውን በመሐረብ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ከተው ቆለፉበት። ከዐስር እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ በሆድ ባዶ ምን ያህል እንደሚረዝም የጾመ ያውቀዋል። ሰሌኑ ይነጠፋል፣ ድንጋዩ ይቀመጣል፣ አራት ሴቶች ዙሪያውን ቁጭ ብለው ይፋጠጣሉ። ሂንዳ እንኳ ወሬ አለቀባት። ሐሜትም ጾም ያበላሻል ተብሏልና ያላት ወሬ ሁሉ ተያዘባት።

ኤዶ ዓሻ የቻሉትን ያህል ቻሉ። አንድ ቀን ግን ሳጥኑን ከፍተው ካርታውን ይዘው ወጡና መላ ማግኘታቸውን ተናገሩ። ቤን እንጫወታለን፤ ግን ሳንዋሽ።

አገሬ ይህ እንዴት ይሆናል ብላ ጠየቀች። ኤዶ ዓሻ በጣም ቀላል ነው አሉ። ሰባት ከተባለ፣ ያላት ሰባት ብላ ታስቀምጣለች። የሌላት የለኝም ትልና ያላትን ተናግራ ታስቀምጣለች። ተጀመረ። «ሰባት።» «ሰባት የለኝም፣ ይሄ ሦስት ነው።» «እኔም የለኝም፣ ይሄ ዘጠኝ ነው።» «ይሄ ንግሥት ናት፣ ይቅርታ።» ማንም «ቤን» የሚል የለ። ማንም የሚያነሳ የለ። የጀመረችው ቀድማ ጨረሰች፤ የጀመሩት ደግሞ ኤዶ ዓሻ ነበሩ። ድጋሚ ተጫወቱ፤ እሳቸው ጀመሩ፣ እሳቸው ጨረሱ። ሂንዳ ካርታዋን ይዛ አዛጋች። እንዲህ ያለ ከንቱ ጨዋታ በዚያ በረንዳ ላይ ታይቶ አይታወቅም። በመጨረሻ ኤዶ ዓሻ ራሳቸው ሳቃቸው መጣና ካርታውን ድንጋዩ ሥር ሸጎጡት።

ሳቁ በረድ ሲል ግን ፊታቸው ሌላ ሆነ። ስለ ውሸት ሲያስቡ ውለው ኖሯል። በጾም ወር ሰው አፉ ይባባላል፣ የበደለውን ይቅር በለኝ ይላል። እሳቸውም እስከ ዛሬ በዚህ ሰሌን ላይ የዋሹት ከበዳቸው።

ወደ ሂንዳ ዞረው አፉ በይኝ አሏት፤ ሦስት ንግሥት ብዬ ያስቀመጥኩበት ቀን አንዲትም ንግሥት አልነበረችም አሉ። ሂንዳ አፉ ብያለሁ አለች፣ የራሷንም ጨመረችበት። አገሬንም እንደዚያው አሏት። አገሬ ተራዋ ሲደርስ እሷም አፉ በሉኝ አለችና ለምን እንደሆነ ሳትናገር በነጠላዋ አፏን ያዘች። ፀጋ ቀጣይዋ እሷ መሆኗን አወቀች።

ኤዶ ዓሻ ግን ከእሷ ምንም አልጠበቁም። እጃቸውን ራሷ ላይ አኖሩት።

«ይቺን ልጅ ለምንድን ነው አፉ የምላት?» አሉ። «እኛ ሁላችን ዋሽተናል። እሷ ብቻ ናት ንጹሕ። ሴት ልጅ ብትኖረኝ እንደዚህ ያለች ነበር የምፈልገው።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ፀጋ አንገቷን ደፍታ፣ ካርታም ጥላ፣ ነገሩን በሳቅ ታሳልፈው ነበር። ነገር ግን እሷም ጾመኛ ናት፤ ያቺ እጅ ደግሞ ራሷ ላይ ከብዳታለች።

«ኤዶ፣ እኔ አውቄ ነው የምሸነፈው» አለች።

ኤዶ ዓሻ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ፀጋ ካርታውን ከድንጋዩ ሥር አወጣችና ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ሳትደብቅ በወዘችው። ካርታው ከግራ ወደ ቀኝ ፈሰሰ፣ ተከፈለ፣ ተጠላለፈ፣ ተዘረጋ፣ መልሶ ተሰበሰበ። አንድም አልወደቀም። አገሬ አፏን ከፍታ ቀረች።

«እኔ ስዋሽ ታውቂ ነበር?» አሉ ኤዶ ዓሻ ቀስ ብለው።

«አውቅ ነበር።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ሲዋሹ ሻሂ ይጋብዛሉ።»

ሂንዳ ልትይዘው ሞከረች፤ አልቻለችም። ሳቋ በአፍንጫዋ ወጣ፣ ከዚያም በአፏ ወጣ፣ ከዚያ ሰሌኑ ላይ ተንጋለለች። ያ ሳቅ ነገሩን አባሰው። ኤዶ ዓሻ ተነሱ፣ ሽቲያቸውን ሰበሰቡ፣ ገብተው በሩን ዘጉት። ነፋሱ ካርታውን ከፀጋ እጅ ነጥቆ ግቢውን ሙሉ በተነው፤ አገሬና ፀጋም በየጥጉ እየተከተሉ ለቀሙት።

ከዚያ በኋላ ሰሌኑ አልተነጠፈም። ኤዶ ዓሻ ፀጋን በሩቁ ሲያዩ ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ከሰላምታ ግን አያልፉም። የሚሉት ካለ በአገሬ በኩል ይላሉ። የሚያስገርመው ማታ ማታ የምስር ሳምቡሳው አልቀረም። ተሸፍኖ በአገሬ እጅ ይመጣል፤ አንዳንዴ እንዲያውም ከበፊቱ በዝቶ ይመጣል። ፀጋ ሳምቡሳውን ታቅፋ ታለቅሳለች፤ ምስሩ እንባዋን ጨምሮ ጨው ይበዛበታል። ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር ትላለች ለአገሬ። አገሬም ትናደድባታለች፤ ማን ተናገሪ አለሽ፣ ደህና ቤታችንን ልታሳጪን ነው እያለች።

ፀጋ ነገሩ ገብቷታል። እንደ ተሜ ልቀቂ እስኪሏት መጠበቅ አልፈለገችም። ለአንድ የሥራ ባልደረባዋ ክፍል ፈልጊልኝ አለቻት፤ እሷም ከከተማው ዳር ካለው ባዶ ሜዳ ወዲህ አንድ አገኘችላት። ፀጋ ኢዱ ይለፍና እወጣለሁ ብላ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር አወጣች። ሰው ባወቀኝ ቁጥር ሰው አጣለሁ ማለት ነው ብላም አሰበች። ይህ ሐሳብ ሌላውን ሁሉ አስረሳት።

የኢድ ዕለት ግቢው ከማለዳ ጀምሮ በእንግዳ ተጥለቀለቀ። ልጆች በአዲስ ልብስ ይራወጣሉ፣ ሽቶው መንገድ ድረስ ይሸታል። ፀጋ ገብታ እንኳን አደረስዎ አለች፤ ኤዶ ዓሻ በሰው መሐል ሆነው ጉንጯን ሳሟትና ወደ ሌላ እንግዳ ዞሩ። እሷም ወጥታ ክፍሏ ተቀመጠች። ምሳው ተበልቶ እንግዳው ሲሳሳ፣ በረንዳው ላይ ድንጋይ ሲጎተት ሰማች። ከዚያ የኤዶ ዓሻ ድምፅ ግቢውን ሞላው።

«ፀጌ! ነይ ውጪ!»

ወጣች። ሰሌኑ ተነጥፏል። ካርታው መሐል ላይ ነው። ሂንዳ በኢድ ቀሚሷ፣ አገሬ በነጠላዋ ተጎልተዋል፤ ሁለቱም የተጠሩበትን ያወቁ አይመስሉም። ኤዶ ዓሻ ቦታዋን በእጃቸው መታ መታ አደረጉላት።

ፀጋ ቆማ ቀረች። ክፍል ማግኘቷን፣ ከነገ ወዲያ እንደምትወጣ፣ ስለ ሁሉም ነገር እንደምታመሰግን በአንድ ትንፋሽ ተናገረች።

ኤዶ ዓሻ ማን ውጪ አለሽ አሏት። ፀጋ የተሜን ነገር አነሳች፤ ስላሸነፈዎት እንዳስወጡት ሁሉም ያውቃል አለች። ኤዶ ዓሻ ለጊዜው ማንን እንደምትል አላስታወሱም። ሲያስታውሱ ግን ከተቀመጡበት ሊነሱ ምንም አልቀራቸውም።

«ተሜን? እኔ ተሜን ያስወጣሁት ውሻ አምጥቶ የምሰግድበት በረንዳ ላይ ስላሰረ ነው! በካርታው እንዲያውም ተናድጄበት አላውቅም። እንዴት አሸነፈኝ እያልኩ ሳስብ አድር ነበር፣ ደስ ይለኝ ነበር።»

አገሬ ወደ ሂንዳ አየች፣ ሂንዳ ወደ አገሬ። አንድ ሾፌር የውሻውን ነገር ደብቆ ጉራውን ስለነዛ፣ ያ ሁሉ ጊዜ ሲሸነፉ ኖረዋል። አገሬ ስትበሽቅ የጎጃሙ አነጋገሯ ይመለስባታል፤ ያን ዕለት ተሜን ከነዘር ማንዘሩ ወረደችበት።

«ተቀመጪ» አሉ ኤዶ ዓሻ። «ዛሬ ደህና አድርገሽ ዋሺኝ።»

ፀጋ የእኔ ጾም ገና አላለቀም አለች። ኤዶ ዓሻ በካርታ የሚዋሸውን አላህ አይቆጥረውም፤ የሚቆጠረው ሰው ላይ የሚዋሸው ነው አሉ። ታዲያ በረመዳን ለምን ከለከሉን ስትላቸው «ለጥንቃቄ ነዋ» አሉ፤ ካርታውንም ማደል ጀመሩ።

ፀጋ ተጫወተች። እንዴት እንደተጫወተች ለመናገር ያዳግታል። ከአባቷ ካምፕ ወዲህ እንደዚያ ቀን ሆና አታውቅም። አራት አምስት ብላ የሌላትን ታስቀምጣለች፣ ፊቷ ውሃ ይመስላል። የአገሬን ትንፋሽ ትይዛለች፣ የሂንዳን ወሬ ከመሐሉ ትቆርጣለች። ኤዶ ዓሻ ሻሂ ለመጋበዝ አፋቸውን ሳይከፍቱ «ቤን» ትላቸዋለች። ክምሩ ወደ ኤዶ ዓሻ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይሄዳል፣ እጃቸው ካርታውን አልችል ብሎ በሁለት መዳፋቸው ያቅፉታል። እግረ መንገዱንም አንድ ነገር ተገለጠ። ሁሉም በእውነት ሲጫወት ሂንዳ መጨረሻ ወጣች፣ ደግማ መጨረሻ ወጣች፣ አገሬ እንኳ አሸነፈቻት። ለትልቅ ሰው ክብር ብላ የምትሸነፈው ሂንዳ ለካ ከፈጣሪ የተሰጣት ይኸው ነው። ኤዶ ዓሻ ይህን ሲያዩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ፀጋ የመጨረሻ ካርታዋን አስቀመጠች። ኤዶ ዓሻ «ቤን!» ብለው በኃይል ገለጡት። እውነት ነበር። ካርታውን አንስተው ገልበጥ መለስ አድርገው አዩት። ፀጋ ፈራች፤ አበዛሁት እንዴ ብላ ወደ አገሬ አየች። ሂንዳም መሳቋን ተወች።

«ጃማ እንዲህ ነበር የሚያደርገኝ» አሉ ኤዶ ዓሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ስለ ሟቹ ባላቸው በስማቸው ጠርተው ሲናገሩ ፀጋ ሰምታ አታውቅም። ገና ሙሽራ ሳሉ ጀምሮ እዚሁ በረንዳ ላይ ከእሳቸው ጋር ይጫወቱ እንደነበር፣ ጃማ አንድም ቀን እንዳልማሯቸው፣ እሳቸው ተናደው ካርታውን ሲወረውሩባቸው ጃማ ለቅመው እንደገና ያድሉ እንደነበር ተናገሩ። ከዚያ ካርታውን ሰበሰቡና ፀጋ ጉልበት ላይ አስቀመጡላት።

«ከጃማ ወዲህ ከዚያ ሾፌር በቀር ያሸነፈኝ የለም እያልኩ ስኮራ ኖርኩ» አሉ። «ለካ ሌላው አብሮኝ እየተጫወተ አልነበረም።»

ፀጋ አፉ በሉኝ ልትል አፏን ከፈተች። ኤዶ ዓሻ ዝም ብለሽ በውዢ አሏት። በወዘች። ዓይኗ እንባ ስለሞላ አንድ ካርታ አመለጣት፤ ይህኛው እውነተኛ ነበር። ኤዶ ዓሻ አንስተው ሰጧት።

ተጫወቱ፤ አሸነፈቻቸው። ኤዶ ዓሻ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው እልልታቸውን አቀለጡት። ከአጥር ወዲያ ያሉት ጎረቤቶች ደንግጠው ተንጠራሩ፤ አንደኛዋ ምን አገኛችሁ ኤዶ፣ ምን ተገኘ ብላ ጮኸች።

«ተሸንፌ ነው!» አሉ ኤዶ ዓሻ።